ሲክል ሴል ላለበት ልጅ የጣፊያ ምርመራ፦ ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን ያየሁትና የተማርሁት

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም እንዳለበት ተነግሯቸው፣ የጣፊያ አልትራሳውንድ የታዘዘበትን ወረቀት ይዘው ከሐኪም ክፍል ለወጡ ወላጆች ነው። የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም፤ ሕመሙ ያለበት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጣፊያው ሲለካ፣ በድንገት ሲያብጥ፣ ኋላም ዓመት በዓመት እየተኮማተረ ሲሄድ ከአልጋው አጠገብ የቆምሁት እኔ ስለሆንሁ፣ በውጤት ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ቃል ምን እንደሚናገርና የቱን ነገር ሳይነካ እንደሚያልፍ ሐኪሞችን እየጠየቅሁ ተረድቻለሁ። የጣፊያ ምስል ብቻውን ሲነበብ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በትክክል የሚነበበው የልጁ የሕመም ታሪክና በደኅናው ቀን የተነሣው የቀድሞ ምስል አብረውት ሲቀርቡ ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ይህ ሕመም እምብዛም አይታወቅም። በአገራችን የሕመሙ ዘር በይበልጥ የሚገኘው በምዕራቡ ቆላ፣ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ እንዲሁም ወደ ሱዳን ድንበር በሚጠጉ አካባቢዎች ነው። እናቴ የአሶሳ ተወላጅ ናት፤ አባቴ ለሥራ ወደዚያ ወርዶ የቀረ የመንዝ ሰው ነበር። ባለቤቴ ደግሞ በመተማ በኩል ተወልዶ በሹፌርነት ወደ ሸዋ የመጣ ነው። ሁለታችንም የሕመሙን ዘር ከአንድ ወገን ብቻ ስለወረስን ተሸካሚዎች እንጂ ሕሙማን አልነበርንም፤ በመሆኑም ልጃችን እስኪታመም ድረስ አላወቅነውም። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሕሙም የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ፣ እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ ብቻ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ፣ ከሁለቱም ነጻ የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ይህን ያነሣሁት «እኛ ደገኞች ነን፣ ይህ በሽታ በእኛ ዘንድ የለም» የሚለው አስተሳሰብ በቤተ ዘመድም በጤና ተቋምም ምርመራውን ሊያዘገየው እንደሚችል ስላየሁ ነው።

ጣፊያ በግራ በኩል ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር የሚገኝ የሰውነት ክፍል ሲሆን፣ ደምን እያጣራ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያስቀራል፤ በደም ውስጥ የገቡ ተሕዋስያንን፣ በተለይም ኒሞኮከስ የተባለውንና እርሱን የመሰሉትን ባክቴሪያዎች ይይዛል። ጤናማው ቀይ የደም ሕዋስ ተለማጭ ስለሆነ በጣፊያ ውስጥ ያሉትን እጅግ ጠባብ መተላለፊያዎች ያልፋቸዋል። በሲክል ሴል ሕሙማን ግን ሕዋሱ ኦክስጅን ሲያንሰው ይደርቅና የማጭድ ቅርጽ ይይዛል። ጣፊያ ደግሞ ደም በዝግታ የሚጓዝበትና ኦክስጅን የሚያንስበት ቦታ በመሆኑ፣ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። ሕዋሳቱ መተላለፊያውን ሲዘጉት ከፊሉ ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ጠባሳ ይተካዋል፤ ይህም ከዓመት ወደ ዓመት ይደጋገማል። ሐኪሞቹ እንዳስረዱኝ፣ ብርቱ በሆነው የሕመሙ ዓይነት የጣፊያ ሥራ መድከም የሚጀምረው ገና ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሲሆን፣ አብዛኞቹ ልጆች 5 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ጣፊያው ከነአካቴው ሥራ ያቆማል።

ልጄ የስምንት ወር ሕፃን ሳለ በሸዋ ሮቢት እጆቹና እግሮቹ አበጡ። ጎረቤቶች ጥርስ ሊያወጣ ነው አሉ፤ አማቴ ደግሞ ወባ እንደሆነ አልተጠራጠሩም። በጤና ጣቢያው የደም ምርመራ ወባ ባይገኝም፣ ሲስተሯ ሆዱን ስትዳስስ ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ በታች ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ስላገኘችው ወደ ደብረ ብርሃን ጻፈችልን። እዚያ የተቀበለን የሕፃናት ሐኪም የእኔንና የባለቤቴን ትውልድ አካባቢ ጠየቀና ደም ተወስዶ የሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሕዋስ ክፍል) ዓይነት ምርመራ ወደሚደረግበት ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ፣ ለሆዱም አልትራሳውንድ እንዲነሣ አዘዘ። የትውልድ አካባቢ መጠየቁ በጊዜው እንግዳ ነገር መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ምርመራውን ሁሉ ወደ ትክክለኛው መንገድ የመራው ያ ጥያቄ እንደሆነ አምናለሁ።

አልትራሳውንድ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ ጨረር የለበትም፤ ቢደጋገምም ልጁን አይጎዳውም። ሕፃኑን በቀኝ ጎኑ ያስተኙትና ግራ ጎኑ ላይ ጄል ቀብተው መመርመሪያውን በጎድን አጥንቶቹ መካከል እያንሸራተቱ ጣፊያውን ይፈልጋሉ። ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ አየር ስቦ እንዲይዝ ይነግሩታል፤ ያን ጊዜ ጣፊያው ከሳንባ ሥር ወደ ታች ወረድ ስለሚል በደንብ ይታያል። ልኩ የሚወሰደው የደም ሥሮች የሚገቡበት ስፍራ በሚታይበት አቅጣጫ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ነው። የሚያለቅስና የሚወራጭ ሕፃን ልኩን ስለሚያዛባ፣ በመመርመሪያው ሰዓት ጡት ወይም የሚወደው ነገር በእጅ መኖሩ ይጠቅማል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላውን ምክር አይዘነጋውም፤ ብርድ ለእነዚህ ልጆች የአጥንት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ልጁ ከወገቡ በላይ ተራቁቶ ወረፋ እንዳይጠብቅ፣ ጄሉም ሞቅ እንዲል በትሕትና መጠየቅ ይገባል። እኛ ሁልጊዜ ጋቢ ይዘን እንሄዳለን፣ ባለሙያዎቹም «ማሙሽ፣ አሁን እንጨርሳለን» እያሉ እግሩን እንድሸፍንለት ይፈቅዱልኛል።

በዚያ ቀን የተለካው ጣፊያ 8.2 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሐኪሙ እንዳሳየኝ፣ ለሕፃናት በሰፊው በሚሠራበት የልክ ሰንጠረዥ መሠረት የጤናማ ጣፊያ ከፍተኛው ርዝመት በ1 ዓመት 7፣ በ2 ዓመት 8፣ በ4 ዓመት 9፣ በ6 ዓመት 9 ተኩል፣ በ10 ዓመት 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የአዋቂ ደግሞ ከ12 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የልጄ ጣፊያ ለዕድሜው ያደገ ነበር። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ቁጥሩን በሰንጠረዡ ከመመዘን ይልቅ ሌላ ነገር አጥብቆ አሳሰበኝ፦ ልጁ ምንም ሳያመው፣ ትኩሳትም ድካምም ሳይኖርበት በቀጠሮው ቀን የሚወሰደው የጣፊያ ልክና የሄሞግሎቢን መጠን በአንድ ደብተር ላይ ጎን ለጎን እንዲጻፍና ደብተሩ ከልጁ እንዳይለይ። «በሚያመው ቀን የሚያየው ሐኪም እኔ ላልሆን እችላለሁ፤ ያ ሐኪም ልጁ በደኅናው ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ከአንቺ በቀር የሚነግረው የለም» ነበር ያለኝ። ደብተሩ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የጠቀመንም እርሱ ነው።

ጥቅሙ የታየው ልጄ ሁለተኛ ዓመቱን ካከበረ በኋላ ነው። ጠዋት ሲጫወት የነበረው ልጅ ከሰዓት በኋላ ዝም አለ፤ ከንፈሩና መዳፉ ነጣ፤ ትንፋሹ ፈጠነ፤ ግራ ሆዱ ተወጠረ። ማታ ሐኪም ቤት ስንደርስ ጣፊያው እምብርቱን አልፎ ወርዶ ነበር። በአልትራሳውንድ 12.9 ሴንቲ ሜትር ሲለካ፣ በደብተሩ የተጻፈው የደኅና ቀን ልኩ 8.6 ነበር፤ ሄሞግሎቢኑም በዴሲ ሊትር ደም ከተለመደው 7.9 ግራም ወደ 4.2 ግራም ወርዶ ተገኘ። ይህ ደም በድንገት በጣፊያ ውስጥ የሚታጎርበት አደጋ ነው፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል፣ በሰዓታት ውስጥም ሊገድል ይችላል። ሐኪሞች የሚለዩት ጣፊያው ከወትሮው አድጎ ሄሞግሎቢኑ ከልጁ ከራሱ መደበኛ መጠን ቢያንስ በ2 ግራም ሲቀንስ ነው። የልጁ መደበኛ መጠን ካልታወቀ ግን ቅናሹ ከምን ተነሥቶ ይሰላል? ተረኛው ሐኪም ደብተሩን አንድ ጊዜ ተመልክቶ ወዲያው ደም እንዲመጣ ያዘዘው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስላገኛቸው ነው።

ደሙ የተሰጠው በትንሽ በትንሹ ነበር፤ ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ጣፊያው ሲረጋጋ የያዘውን ደም ወደ ሰውነት ስለሚመልስ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ደም ከተሰጠ በኋላ የታጎረው ሲጨመርበት ደሙ ከመጠን በላይ ይወፍራል አሉኝ። በተከታዮቹ ቀናት የተደገመው አልትራሳውንድ ጣፊያው እየሟሸሸ ወደ ቀድሞ ልኩ መቃረቡን አሳየ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። እንዲህ ያለ አደጋ የገጠመው ልጅ በጣም የገረጣና ትንፋሹ የፈጠነ ከሆነ፣ አልትራሳውንድ እስኪነሣ ተብሎ ደም የሚዘገይበት ምክንያት የለም። ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል፤ ምስሉ ኋላ ሊነሣ ይችላል። ወላጅ ራሱ የአልትራሳውንድ ወረፋ ሲጠብቅ ልጁን ከድንገተኛ ክፍል እንዳያርቅ እመክራለሁ።

ጣፊያን በእጅ መዳሰስን እናቶች በቤታቸው እንዲሠሩት የማስተማር ልማድ በጃማይካ ተጀምሮ፣ አደጋው ቶሎ እንዲታወቅና የሚሞቱት ልጆች ቁጥር እንዲቀንስ እንዳደረገ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። እኔንም አስተማሩኝ። ልጁ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ሲያጥፍ ሆዱ ይላላል፤ በቀኝ እጅ ጣቶች ከእምብርት በታች ጀምሮ በቀስታ ወደ ግራ የጎድን አጥንት እየወጡ የጣፊያውን ጠርዝ መፈለግ ነው። ከላይ ከጀመሩ ትልቅ ጣፊያን ከነጭራሹ ሊስቱት ይችላሉ፤ እጃቸው ያረፈው ከጣፊያው በላይ ይሆናልና። ጠርዙ ከጎድን አጥንት ስንት ጣት እንደራቀ በደብተሩ ይጻፋል። በቀስታ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያበጠ ጣፊያ ሊፈነዳ ይችላል። በእኛ አካባቢ የልጅ ሆድ ሲነፋ ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት ወይም ጎኑን ማስተኮስ የቆየ ልማድ ነው፤ አማቴም በፍቅርና በጭንቀት ይህንኑ አሳስበው ነበር። ሐኪሙ እሳቸውን አስቀርቦ በአክብሮት «እማማ፣ ይህ ጣፊያ ደም የሞላበት ነው፤ ቢታሽ ይቀደዳል» ብሎ ሲያስረዳቸው፣ ከዚያ ወዲያ ለጎረቤት ሁሉ የሚከለክሉት እርሳቸው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ቀለል ያለ ሁለተኛ እብጠት ሲመጣ ጣፊያውን በቀዶ ሕክምና የማውጣት ነገር ተነሥቶ ነበር። አደጋው ሲደጋገም ብዙ ሐኪሞች ይህን ይመርጣሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞም ክትባቶች ይሟላሉ። በእኛ ልጅ እየተከታተሉ መቆየት ተመረጠ፣ ጣፊያውም በራሱ ጊዜ መኮማተር ጀመረ።

ከሁሉ ይበልጥ ወላጆች እንዲያስተውሉት የምፈልገው ከዚህ የሚቀጥለውን ነው። ልጄ አራት ዓመት ሲሆነው የተነሣው አልትራሳውንድ ጣፊያው 7.4 ሴንቲ ሜትር እንደሆነና መጠኑ ለዕድሜው ደኅና እንደሆነ ይገልጽ ነበር። እኔም ባለቤቴም ደስ አለን። የሕፃናት ሐኪሙ ግን ደስታችንን ሳይነካ አንድ ነገር አስረዳን፤ አልትራሳውንድ የሚያሳየው ጣፊያው መኖሩንና መጠኑን እንጂ መሥራቱን አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. ሃዋርድ ፒርሰን የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ደም ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ አሳይቷል። ሲክል ሴል ያለባቸው ልጆች ጣፊያቸው በእጅ ሲዳሰስ በግልጽ የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ በደም ሥር የተሰጣቸውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ጉበታቸው ሲይዘው ጣፊያቸው ፈጽሞ አልያዘውም። ይህ ምርመራ ዛሬም የሚደረገው ቴክኒሺየም 99ኤም በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ በየ6 ሰዓቱ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ በሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ጋማ ካሜራ የተባለው መሣሪያም ንጥረ ነገሩ የተሰበሰበበትን ቦታ ያነሣል። የሚሠራ ጣፊያ በምስሉ ላይ ይታያል፤ የማይሠራ ጣፊያ ግን ምንም ትልቅ ቢሆን ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል። በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው፣ ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለውን መድኃኒት በሕፃናት ላይ የፈተነው የአሜሪካ ጥናት የጣፊያን ሥራ የመዘነው በዚሁ ዘዴ ነበር። መድኃኒቱ ሕመሙንና የእጅ የእግር እብጠቱን በግልጽ ሲቀንስ፣ ጣፊያን ስለ መጠበቁ ግን በዚህ ምስል የተገኘው ልዩነት አስተማማኝ አልነበረም።

እኛ ይህን ምርመራ አላደረግንም፤ ሐኪሙም አስፈላጊ አይደለም አለ። በምትኩ የደም ጠብታ በመስተዋት ላይ ተቀብታ በማይክሮስኮፕ ታየች። ጤናማ ጣፊያ ከቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚያወጣቸው ሃውል ጆሊ የሚባሉ ጥቃቅን የዘረ መል ቅሪቶች አሉ፤ እነዚህ በብዛት ከታዩ ጣፊያው ሥራውን ትቷል ማለት ነው። በልጄ ደም ውስጥ በብዛት ተገኙ። መጠኑ ደኅና ነው የተባለለት ያው ጣፊያ እንግዲህ ከስሙ በቀር ሥራ አልነበረውም። ለወባ የሚቀባው ዓይነት የደም ናሙና ይህን ያህል መንገሩ፣ ውድ ምርመራ ባለመኖሩ ለሚጨነቁ ወላጆች እረፍት ይሰጣል ብዬ አስባለሁ።

ይህ ልዩነት በቤት ውስጥ የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። ጣፊያው የማይሠራ ልጅ ኒሞኮከስን የመሰለ ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ ትኩሳቱ 38.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ፔኒሲሊን በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ እስከ 3 ዓመት 125 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 250 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ይህ ልማድ ብርቱ ኢንፌክሽንን በ84 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የኒሞኮከስ ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ስለገባ በጤና ጣቢያ ይገኛል። የእኛን ቤት ሐሳብ የቀየረው ግን «ጣፊያው ደኅና ነው» የሚለው የአልትራሳውንድ ቃል ለአንድም ቀን ፔኒሲሊን የማቆሚያ ምክንያት እንደማይሆን መረዳታችን ነበር። ደብተሩ ሽፋን ላይ «ጣፊያው አይሠራም» ብዬ በትልቁ የጻፍሁት፣ ተረኛ ሐኪም የአልትራሳውንዱን ወረቀት ብቻ አይቶ እንዳይዘናጋ ነው።

በስድስት ዓመቱ ጣፊያው 4.8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነጣ ያለና ሸካራ መልክ ያዘ፤ ካልሲየም የተጠራቀመባቸው ነጫጭ ነጥቦችም ታዩበት። ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚያስደነግጠው ከዚያ የመጣው ነው። በሌላ ጊዜ ሆዱን ሲያመው በአንድ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ተነሣ። በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «የሆድ ሕመም» ከማለት በቀር ስለ ሲክል ሴል የተጻፈ ነገር አልነበረም። የተሰጠን ውጤት በጣፊያው ውስጥ ጠቆር ያሉ በርከት ያሉ ክብ እባጮች መኖራቸውንና ዕጢ ወይም መግል ሊሆኑ እንደሚችሉ ይገልጽ ነበር። እንደ ወላጅ ያን ወረቀት ይዤ የ130 ኪሎ ሜትሩን የአዲስ አበባ መንገድ እንዴት እንደተጓዝሁት መናገር አያስፈልግም። አዲስ አበባ የደረስንበት ራዲዮሎጂስት ደብተሩን ካነበበ በኋላ በዶፕለር የደም ፍሰቱን ተመለከተ፣ ቀጥሎም ሲቲ ስካን አስነሣ፤ እባጮች የተባሉት ከጥፋቱ የተረፉ ጤናማ የጣፊያ ሥጋ ቅሪቶች መሆናቸውንም ነገረን። ዙሪያቸውን ያለው ሥጋ በጠባሳና በካልሲየም ነጥቶ ሳለ እነርሱ በቀድሞ መልካቸው ስለቀሩ፣ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው በሽታ ይመስላሉ። በሲቲ ስካኑም ኮንትራስት የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ጤናማ ጣፊያ እንደሚቀበለው ተቀብለውት ታዩ።

ይህን ስል ግን በእነዚህ ልጆች ጣፊያ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በሞተ የጣፊያ ሥጋ ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል። ትኩሳት፣ ግራ ጎን ላይ የማይለቅ ሕመምና የነጭ ደም ሕዋስ መጨመር ካሉ ያው ምስል ሌላ ትርጉም ይኖረዋል፤ ለዚህም ነው ትእዛዝ ወረቀት ላይ የልጁ ሕመምና ትኩሳት መኖር አለመኖሩ መጻፍ ያለበት። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ከመቀበሌ በፊት «ዶክተር፣ ሲክል ሴል እንዳለበት ይጻፉልኝ» እላለሁ፤ እስካሁን የተቆጣኝ ሐኪም የለም። ሲቲ ስካን ጨረር ስላለበት ያለ ብርቱ ምክንያት አይደጋገምም፤ ኮንትራስት ከመሰጠቱ በፊትም የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል፣ ልጁም በቂ ውኃ መጠጣት አለበት። ኤም አር አይ ጨረር የለውም። ነገር ግን ደም በተደጋጋሚ የተሰጠው ልጅ ጣፊያው ብረት ስለሚያጠራቅም በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ እንደሚታይና ይህም አዲስ በሽታ እንዳልሆነ አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው።

ልጁ ለጣፊያው አልትራሳውንድ ተኝቶ እያለ ሐሞት ከረጢቱም እንዲታይ መጠየቅ ይበጃል። ቀይ የደም ሕዋሳቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚፈርሱ እነዚህ ልጆች ገና በልጅነታቸው የሐሞት ጠጠር ያበቅላሉ። ጣፊያን ለማየት ጾም አያስፈልግም፤ የሐሞት ከረጢትን በሚገባ ለማየት ግን ልጁ ለጥቂት ሰዓታት ምግብ ሳይቀምስ መቆየት አለበት። እዚህ ላይ አንዳንዶች ውኃም ይከለክላሉ፤ ለሲክል ሴል ሕመምተኛ የውኃ ጥማት ሕመም ቀስቃሽ ስለሆነ፣ ንጹሕ ውኃ እንዲፈቀድለትና ቀጠሮው በማለዳ እንዲሆን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በቆላው፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ለሚኖሩ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እዚያ ጣፊያን የሚያሳብጠው ሲክል ሴል ብቻ አይደለም፤ ወባ አለ፣ ቢልሃርዚያም አለ፤ ለሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ካላዛር ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። አልትራሳውንድ ጣፊያው ማበጡን እንጂ ያሳበጠውን አይለይም፤ መለየት የደም ምርመራ ሥራ ነው። የሕመሙ ተሸካሚ መሆን ከብርቱ ወባ እንደሚከላከል ይታወቃል፣ ሕመሙ ራሱ ያለበትን ልጅ ግን ወባ ክፉኛ ያጠቃዋል፤ ደም በጣፊያ ውስጥ እንዲታጎርም ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በስድስት ዓመቱ የጠፋ መስሎን የነበረ ጣፊያ ድንገት ቢዳሰስ፣ ወይም ትንሽ የነበረው ቢያድግ፣ ወባ ተገኘ ብሎ በዚያው መቆም ሳይሆን ሄሞግሎቢኑን ከደብተሩ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ባለቤቴ ልጨምር፤ ምክንያቱም ተሸካሚ የሆኑ ወላጆች የራሳቸውን ጣፊያ ነገር አያስቡትም። ተሸካሚ ሰው ጣፊያው ጤናማ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ከፍታ ቦታ ላይ ኦክስጅን ሲያንስ የሚጎዳ ሥጋ አለው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ሲሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ፣ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ባለቤቴ ከቆላው ጭነት ይዞ በጣርማበር በኩል ወደ መንዝ በወጣበት ቀን፣ ጭነት ሲያራግፍ ውሎ ማታ ግራ ጎኑን እንደ ጦር ወጋው፣ አስመለሰውም። በማግስቱ የተነሣው አልትራሳውንድ ጣፊያው ደኅና እንደሆነ ገለጸ፤ የጨጓራ መድኃኒትም ተሰጠው። ሕመሙ ስላልለቀቀው ደብረ ብርሃን ሲደርስ የሲክል ሴል ተሸካሚ መሆኑን ተናገረ። ያን ጊዜ በኮንትራስት የተነሣው ሲቲ ስካን ከጣፊያው ጠርዝ ወደ ውስጥ የሚሾል፣ ደም ያልደረሰበት የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ክፍል አሳየ። ሐኪሙ እንዳስረዳው እንዲህ ያለው ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአልትራሳውንድ ላይታይ ይችላል። ኦክስጅን፣ በደም ሥር ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ያለ ቀዶ ሕክምና ዳነ። አሁንም መንዝ ይወጣል፤ ነገር ግን በወጣበት ቀን ጭነት አያራግፍም፣ ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ግራ ጎኑን ካመመውም ቶሎ ወደ ዝቅተኛው አገር ይወርዳል። በመንጃ ፈቃዱ ውስጥም የሲክል ሴል ተሸካሚ መሆኑን የሚገልጽ፣ ሐኪሙ ማኅተም ያደረገበት ወረቀት ይዟል።